ማግኔት የታሰረባት እርግብ ለምን ዘገየች?

ይህ ደርሶባችሁ ያውቃል? አንድን ነገር በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ደጋግማችሁ ታያላችሁ። በእጃችሁ ትጽፉታላችሁ። ሌላ ሰው ጽሑፋችሁን ወስዶ ያሳትመዋል፤ ሌሎች ደግሞ አምነው ይጠቅሱታል። ከዚያ በኋላ ስህተቱ የገባው በገዛ እጃችሁ መሆኑን ትደርሱበታላችሁ። «ኧረ ተሳስተናል!» ብላችሁ ስትጮኹ ግን የሚሰማችሁ ይጠፋል።

በእኔ ላይ ደርሷል። ዛሬ እዚሁ ድሬዳዋ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ከዚራ በተባለው ሰፈር አንድ የውጭ አገር ዶክተር በከፈተው አነስተኛ የምርምር ጣቢያ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ያን ሥራ ትቼ ጠመኔ ከያዝኩ ወዲህ ስለዚያ ዘመን ላለመጻፍ ወስኜ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ባለፈው ወር በትምህርት ቤታችን የታደለው ማስታወሻ ነው። «እርግብ መንገዷን የምታውቀው በምድር ማግኔት መሆኑ በድሬዳዋ በተደረገ ሙከራ ተረጋግጧል» ይላል። አልተረጋገጠም! ሙከራውን ያደረግነው እኛ ነን፤ ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ።

ምድር ራሷ እንደ ትልቅ ማግኔት ናት፤ የኮምፓስ መርፌ ሰሜንን የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው። እርግብን ደግሞ ከቤቷ ርቃችሁ ብትለቋት ትመለሳለች። እንዴት አወቀች? የዶክተሩ ግምት እርግብ በሰውነቷ ውስጥ ኮምፓስን የመሰለ ነገር አላት የሚል ነበር። ግምቱ የሞኝ ግምት አይደለም። የሚፈተንበትም መንገድ አለ። በጀርባዋ ላይ ትንሽ ማግኔት ስታስሩባት ያ የውስጥ ኮምፓስ ከታወከ ትዘገያለች ወይም ትጠፋለች። ይሁን እንጂ ክብደቱ ራሱ ሊያዘገያት ስለሚችል፣ ለሌሎቹ እርግቦች ልክ ያንኑ ያህል የሚመዝን ናስ ታስራላችሁ። ናስ ይከብዳል እንጂ የማግኔት ኃይል የለውም። እንግዲህ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት ማግኔቱ ብቻ መሆን አለበት፤ ሌላ ምንም። ይህን አደራ ልብ በሉ፤ ጥፋታችን ያለው እዚህ ላይ ነው።

በጣቢያው አራት ሰዎች ነበርን። የዶክተሩን ስም አልጽፍም። ላንድሮቨሩን የሚነዳው ሮብሌ የጀልዴሳ ተወላጅ ሲሆን ሶማልኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ሰውን የሚያስቅ ጎልማሳ ነበር። እኔ ፈረንሳይኛ ስለምችል አስተርጓሚም ጸሐፊም ነበርኩ። ደመወዜ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ወረቀቱ ግን ለሦስት ሰው ይተርፍ ነበር። አራተኛው አው ዩስፍ ናቸው። «አው» ሐረሪዎች ትልቅ ሰው የሚያከብሩበት መጠሪያ ነው። አው ዩስፍ መጋላ ሰፈር ውስጥ የሰዓት መጠገኛ አላቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምረውም እርግብ ያረባሉ። ዶክተሩ የቀጠራቸው ለእርግቦቹ ብሎ ነበር። እኔ ግን የተማርኩት ከሰዓቶቻቸው ነው።

የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ስላቸው «አቦ፣ እርስዎ እያልክ አታስረጀኝ! አው ካልከኝ ይበቃል» አሉኝ። እኔ ግን ያደግሁበት ነውና ዛሬም «እርስዎ» ነው የምላቸው።

ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት ይይዙ ነበር። ጠዋት ወደ ባቡር ጣቢያ ጎራ ብለው ሦስቱንም ከጣቢያው ትልቅ ሰዓት ጋር ያስተያያሉ፤ ማታም ተመልሰው ያስተያያሉ። የግማሽ ደቂቃ ልዩነት ካዩ በደብተራቸው ላይ ይጽፉታል። ሰዓቶቹን ይዘው ማግኔት ያለበት ክፍል አይገቡም። ማግኔት የሰዓትን ቀጭን ሞላ እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፤ ሰዓቱም መሮጥ ይጀምራል። ይህን ከዶክተሩ ፊዚክስ በፊት በጣታቸው ያውቁት ነበር።

እርግብ ወደ ቤቷ ስትገባ ደግሞ መጀመሪያ ሰዓቱን ይጽፋሉ፤ እግሯ ላይ ያለውን ቁጥር የሚያነቡት ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የማን ልጅ እንደሆነች አስቀድሜ ካወቅኩ እጄ ያደላላ!»

የትናንቱንም ገጽ በካርቶን ይሸፍኑት ነበር። የዛሬ እርግብ የትናንቷን እንዳትኮርጅ ነው ይሉ ነበር። ያኔ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ። የዶክተሩ መጻሕፍት በብዙ ገጽ የሚያስተምሩትን ነገር እኒህ ሰው በአንድ ካርቶን ይሠሩት እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዶክተሩ፣ ሮብሌና እኔ ስምንት ናስ ያሰሩና ስምንት ማግኔት ያሰሩ እርግቦች ጭነን በስተሰሜን ቆላው ውስጥ ወዳለችው ጀልዴሳ እንወርዳለን። አው ዩስፍ ከዚራ የእርግቦቹ ቤት ሆነው ይጠብቃሉ። ጀልዴሳ ስንደርስ እርግቦቹን አንድ በአንድ እንለቃለን። እያንዳንዷን በመነጽር እስከምትሰወር ድረስ እንከተልና የተሰወረችበትን አቅጣጫ በኮምፓስ ለክተን እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ ነው ሌላዋ የምትለቀቀው። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ጠዋቱ ያልቃል።

በመጀመሪያው ጉዞ ችግር ገጠመን። የማግኔቶቹ ቅርጫት አጠገባችን ስለነበር የኮምፓሱ መርፌ ይዋልል ጀመር። ዶክተሩ ተናደደ። መፍትሔውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። «ናሶቹን አስቀድመን እንጨርስ፤ ማግኔቶቹ እስከዚያ መኪናው ውስጥ ይቆዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እናመጣቸዋለን» አልኩ። ዶክተሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ይህ ልጅ ሥርዓት ያውቃል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝርዝሬን በማስመሪያ አሰምሬ ከአንድ እስከ ስምንት ናስ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ስድስት ማግኔት እያልኩ ጻፍኩ። አንድም ቀን አልተዛነፈም። ዝርዝሩ የሚያምር ነበር።

ውጤቱም አማረ። ናስ ያሰሩት ቶሎ ቶሎ ይገባሉ፤ ማግኔት ያሰሩት ይዘገያሉ፤ አንዳንዶቹ እስከ ከሰዓት በኋላ ይቆያሉ። ዶክተሩ በደስታ ያፏጭ ነበር። እኔም ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄጄ የእርግብን ምሥጢር አገኘን ብዬ አወራሁ። በዚህ ሁኔታ ሁለት በጋ አለፈ።

ዓይናችንን የገለጠልን የፈነዳ ጎማ ነው። አንድ ቀን ዶክተሩ አሞት ቀረ፤ እኔና ሮብሌ ብቻችንን ወረድን። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማውም ተንፍሶ አገኘነው። ተጠግኖ ጀልዴሳ ስንደርስ ፀሐይዋ ከረር ብላለች። እንደ ልማዳችን ናሶቹን ለቀቅን። ማግኔቶቹን ልናወጣ ስንል ቀኑ ስለገፋብን ተውነውና ተመለስን። ከዚራ ስንደርስ አው ዩስፍ ደብተራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«ዛሬ ማግኔቶቹን ነው አስቀድማችሁ የለቀቃችሁት?»

«ኧረ እንደ ሁልጊዜው ናሶቹን ነው፤ ማግኔቶቹ ይኸው መኪና ውስጥ ናቸው» አልኩ።

«ታዲያ ናሱ ዛሬ ማግኔት ሆነ እንዴ? የገቡት ሁሉ አፋቸውን ከፍተው እያለከለኩ፣ አቧራ ለብሰው ነው። ሁለቱ እስካሁን የሉም!»

ሮብሌ ሳቀ። «አው ዩስፍ፣ እኔም ዛሬ ዘግይቻለሁ፤ እስቲ ፈትሸኝ፣ ኪሴ ውስጥ ማግኔት ይኖር ይሆናል!»

«አትቀልድ አንተ።»

«ወላሂ የምሬን ነው! በዚያ ሰዓት እኛ ጋ ፍየል እንኳ ከግራር ጥላ አትወጣም። እርግብ ምን ቆርጧት ትበራለች? ዛፍ ላይ ቁጭ ብላ በረድ ሲል ነው የምትመጣው።»

አው ዩስፍ ወደ እኔ ዞሩ። «ያን ቆንጆ ዝርዝርህን አምጣ።»

አመጣሁ። ናስና ማግኔት የሚሉትን ቃላት በካርቶናቸው ሸፈኑና የተለቀቁበትን ሰዓት ብቻ በጣታቸው ወደ ታች እየሄዱ አነበቡ። እኔም ጣታቸውን ተከትዬ አነበብኩ። በሁለቱ በጋ ውስጥ ማግኔት ያሰረች አንዲት እርግብ እንኳ በጠዋቱ ቅዝቃዜ በርራ አታውቅም። በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት ማግኔቱ ብቻ አልነበረም፤ የጀልዴሳ ፀሐይም ነበረች። ፀሐይዋን እዚያ ያስገባሁት ደግሞ ሥርዓት ያውቃል የተባልኩት እኔ ነኝ! ኮምፓሱን ከማግኔት ጠበቅሁና ሙከራውን በሙቀት አበላሸሁ።

በማግስቱ ለዶክተሩ ነገርነው። «ጎማ የፈነዳበት ቀን አይቆጠርም» ብሎ ያን ቀን በቀይ ቀለም ሰረዘው። ዝርዝሩን ያዘና ለእረፍት ወደ አገሩ ሄደ።

እኛ ግን አላረፍንም። አው ዩስፍ «እንድገመው፤ ግን ማንኛችንም ሳናውቅ» አሉ። ማግኔቶቹና ናሶቹ በአንድ ዓይነት ጨርቅ ተሰፉ። ባለቤታቸው ለእያንዳንዷ እርግብ ሳንቲም ወደ ላይ እየወረወሩ፣ ዘውድ ከሆነ ማግኔት፣ ጎፈር ከሆነ ናስ አሰሩ፤ የትኛዋ ምን እንዳሰረች ጽፈውም በሣጥናቸው ቆለፉበት። ለባላቸው እንኳ አልተናገሩም። «ይህን ያህል ዘመን አብረን ኖረን የደበቀችኝ ነገር ይህ ብቻ ነው» እያሉ አው ዩስፍ ያጉረመርሙ ነበር። የሚለቀቁበትን ተራ ጀልዴሳ ላይ ከሮብሌ ኮፍያ ውስጥ በዕጣ አወጣን። ኮምፓሱስ? ቅርጫቶቹን በሙሉ ሠላሳ እርምጃ አርቀን አስቀመጥናቸው። መርፌው ቀጥ አለ። ሠላሳ እርምጃ! ሁለት በጋ ያበላሸሁት ሠላሳ እርምጃ መራመድ ሳላስብ ቀርቼ ነው።

ዝናቡ እስኪጀምር ደጋገምነው። ከዚያ ሣጥኑ ተከፈተና ወረቀቶቹን አስተያየን። ቀድማ የተለቀቀች ቀድማ ገብታለች፤ አርፍዳ የተለቀቀች ዘግይታለች። ያሰረችው ማግኔት ይሁን ናስ ያመጣው ለውጥ አላየንም።

እዚህ ላይ በስህተት እንዳትረዱኝ። እርግብ የምድርን ማግኔት አታውቅም አላልኩም። ምናልባት ሰማዩ ሲጠራ ፀሐይን ታይ ይሆናል፤ ማግኔቱ የሚጠቅማት በደመና ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። በደመና ቀን አልሞከርንም። ስለዚህ አላውቅም። እኛ አሳየን የተባለውን ነገር እንዳላሳየን ግን አውቃለሁ።

ዶክተሩ ሲመለስ አው ዩስፍና እኔ ደብተሩን ይዘን ቢሮው ገባን። ቆሞ አገላበጠው።

«ማን ፈቀደላችሁ?» አለኝ በፈረንሳይኛ።

ተረጎምኩ። አው ዩስፍ «እርግቦቹ ያው ናቸው፣ መንገዱ ያው ነው። አንዴ የታየ ነገር እውነት ከሆነ ተመልሶ መታየት የለበትም ወይ በለው» አሉ።

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «የሽማግሌው ሰዓቶች ማግኔት ነክቷቸዋል በለው።»

ሰዓት ሲጠግን ለኖረ፣ ሦስት ሰዓት ይዞ ጠዋት ማታ ጣቢያ ለሚመላለስ ሰው ይህን ቃል ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። አው ዩስፍ አልተቆጡም። ሦስቱን ሰዓቶች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው።

«ባቡር ጣቢያው ቅርብ ነው። አሁኑኑ ሄደን እናስተያይ።»

ዶክተሩ ሰዓቶቹን አላያቸውም። ወደ እኔ ዞረ። «ዝርዝሩ ያንተ ነው። ዝርዝርህ ስህተት አለበት?»

ጠረጴዛው ላይ፣ ከሰዓቶቹ አጠገብ፣ ለአስተማሪነት ማሠልጠኛ የሚሰጠኝ የድጋፍ ደብዳቤ ፊርማ ይጠብቃል።

«ዝርዝሩ ትክክል ነው» አልኩ።

እርግጥ ነው፣ በዝርዝሩ ውስጥ አንድም ቁጥር አልተሳሳተም። አልዋሸሁም ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ አጽናንቻለሁ። ዋሽቻለሁ። የተጠየቅሁት ስለ ቁጥሮቹ እንዳልነበረ አውቅ ነበር።

«ምን አልከው?» አሉኝ አው ዩስፍ።

ተረጎምኩላቸው። ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ሰዓቶቹን አንድ በአንድ አንስተው፣ ሞሏቸውና ወጡ። በዚያው ቀን ከሥራ ተሰናበቱ። ደብዳቤዬም ተፈረመ።

የዶክተሩ ጽሑፍ ከታተመ በኋላ አንድ ቅጂ ደረሰኝ። ሁለቱ በጋ አለ፤ በቀይ የተሰረዘው ቀን የለም፤ የደገምነው ሙከራ የለም። አንድ መስመር እንኳ አልተሰጠውም! መጨረሻ ላይ ግን ለእኔ ምስጋና አለ፦ ለሥርዓታማው ዝርዝሬ። ለአሳታሚዎቹ በፈረንሳይኛ ጻፍኩ፤ መልስ አልመጣም። የምርምር ጣቢያው ተዘጋ፤ ዶክተሩም ጠቅልሎ ሄደ። ከሄደ በኋላም የቀረ ነገር አለ። ለከዚራ ወዳጆቹ የእርግቦቹ ሥራ ሊበላሽ የነበረው በአንድ ሽማግሌ የተበላሸ ሰዓት ምክንያት እንደሆነ አውርቶ ነበር። ቀድሞ ከከዚራ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ተሻግረው ሰዓት ያመጡላቸው የነበሩ ሰዎች ቀሩ። «ማግኔት የነካቸው ሰውዬ» የሚል ስም ወጣላቸው። የገዛ ሰዓቱ ይዋሻል የተባለ ሰው ሰዓት እንዲጠግን ማን ይሰጠዋል?

በዚህ ሁሉ ላይ ነው እንግዲህ ያ ማስታወሻ የመጣው። ወደ ዳይሬክተራችን ቢሮ ይዤው ገባሁ።

«ጋሼ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ስህተት ነው።»

«ማስታወሻው ከላይ የመጣ ነው፣ ልጄ።»

«ሙከራውን የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ኩራ እንጂ!» አሉኝ፤ ከልባቸው ነው። «ድሬዳዋ በሳይንስ ስትጠራ ምን ያስቆጣሃል?»

የሚያስቆጣኝን አስረዳኋቸው፤ ብዙ አስረዳሁ። «እሺ፣ እንዳለ አስተምረው፤ ፈተና ላይ ይመጣል» ብለው ሸኙኝ።

በቀጥታ መጋላ ሄድኩ። አው ዩስፍ ማጉያ መነጽራቸውን በአንድ ዓይናቸው ላይ አድርገው የተፈታታ ሰዓት ላይ አጎንብሰዋል። ቀና አላሉም። ያኔ ዶክተሩ ፊት ማለት የነበረብኝን ቆሜ ተናገርኩ። «ተራውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከዚያም ለደብዳቤዬ ስል ዋሸሁ። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ዘገየህ» አሉ። «ማግኔት ይዘህ ነው?»

ደብተሩን ከመደርደሪያ አውርደው ሰጡኝ። ጎማ የፈነዳበት ቀን እንኳ በሥርዓት ተጽፎ ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ አነባለሁ፣ የእርስዎ ቃል ትክክል እንደነበር እነግራቸዋለሁ ስላቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ተው! አው ዩስፍ ስላለ ነው ካልካቸው ከዚያ ሰውዬ በምን ተሻልን? አድርጉት በላቸው። የእኛም ስህተት ከሆነ ይውጣ።»

በማግስቱ የማስታወሻውን ዓረፍተ ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ከሥሩም ዝርዝሬን ከታተመው ቅጂ ላይ እንዳለ ገለበጥኩና ከነስሜ ስህተቱን አሳየሁ። ዳይሬክተሩ ሰምተዋል፤ ተጠርቻለሁ፤ ነገ እገባለሁ። የሆነው ሁሉ ይሁን።

እናንተን የምለምናችሁ እንግዲህ ይህን ነው። እርግብ የምታረቡ ካላችሁ ሞክሩት። ማግኔቱንና ናሱን እኩል መዝናችሁ በአንድ ዓይነት ጨርቅ ስፉ። የትኛዋ ምን እንዳሰረች ከእናንተ ሌላ ሰው በሳንቲም ይወስን፤ ወረቀቱንም ይቆልፍበት። ተራውን በዕጣ አውጡ። ቅርጫቶቹን ከኮምፓሱ ሠላሳ እርምጃ አርቁ። እርግቧ ስትገባ መጀመሪያ ሰዓቱን ጻፉ፣ ቁጥሯን ከዚያ በኋላ አንብቡ። የደመና ቀን ካገኛችሁ አያምልጣችሁ። የመጣውን ሁሉ፣ ከምትጠብቁት ቢቃረንም፣ ጎማም ቢፈነዳ፣ ሳትሰርዙ ጻፉ።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሰዓታችሁን አስፈትሹ። መጋላ፣ አው ዩስፍ ዘንድ ውሰዱት። ሲመልሱላችሁ ከባቡር ጣቢያው ሰዓት ጋር ራሳችሁ አስተያዩት።